ሁለቱ የጎማ ቱቦዎች

መምህሩ ስልኩ ጠርቶ ወደ ውጭ ሲወጣ ቺያቬ ከመኪናው ኮፈን ስር ብቻዋን ቀረች። ፈተናዋን ጨርሳለች። የቀራት በየሴንሰሩ ላይ የለጠፈቻቸውን የቁጥር ወረቀቶች ማንሳት፣ ነቅላ ያሳየችውን ሁለት የጎማ ቱቦ ወደ ቦታው መመለስና ወርክሾፑን ለሚቀጥለው ተፈታኝ መልቀቅ ነበር። የሚቀጥለው ተፈታኝ ማን እንደሆነ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች። ዕጣ ሲወጣ ሦስት ቁጥር ለእሷ፣ አራት ቁጥር ለሎጋ ነበር የደረሰው።

ቱቦዎቹን በሁለት እጇ ያዘቻቸው። ውፍረታቸው አንድ ነው፣ ቀለማቸውም አንድ። አንዱ ከጭስ ማጣሪያው በፊት ካለው ቧንቧ ይመጣል፤ ሌላው ከማጣሪያው በኋላ ካለው። ሁለቱም የሚያልቁት ከሞተሩ ጀርባ በብሎን የታሰረች፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል ሴንሰር ላይ ነው። ይህች ሴንሰር የሁለቱን ግፊት አወዳድራ ማጣሪያው በጥላሸት መታፈን አለመታፈኑን ለመኪናው ኮምፒውተር ትናገራለች። ቱቦዎቹ ከተቀያየሩባት ግን ትዋሻለች። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ከፍ ማለት ያለበት ቁጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ለመቀያየር አራት ሰከንድ ይበቃል። በአክስቷ ጋራዥ፣ በቆመ የናፍጣ መኪና ላይ ደጋግማ ሞክራዋለች።

ቺያቬ መካኒኮች የብሎን መፍቻን የሚጠሩበት ስም ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ በአምስት ዓመቷ አሻንጉሊት ተሰጥቷት መፍቻ ይሻለኛል ብላ ስላለቀሰች። አክስቷ መካኒክ ናት። ከሁለት መኪና በላይ በማያስቆም ግቢ ውስጥ እየሠራች፣ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት እሷ ነች። ሎጋን ሎጋ ያሰኛት ቁመቷ ነው። በክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ስለነበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ደብተር ተዋውሰዋል። ቅዳሜ ቅዳሜም ሎጋ ለእናቷ ብቻ ነግራ ጋራዡ ትመጣ ነበር።

አክስቷ ሁለቱንም ከመኪና ስር አስገብታ ታስተምራቸዋለች። «ጭሱን ተከተሉት» ትላለች። «ከሞተሩ ተነሱና ጭሱ በሄደበት ሂዱ። ቀጭን ገመድ ይዞ ቧንቧው ውስጥ የተሰካው የሙቀት ሴንሰር ነው፤ አንድ አይደለም፣ ከቱርቦው በፊት አለ፣ ከማጣሪያው በፊትም በኋላም አለ። ወፍራም ገመድ ይዞ ወደ ትንሽ ሣጥን የሚሄደው ኖክስ ነው፤ መርዛማውን ጋዝ የሚያሸተው። እሱ ቅምጥል ነው፣ ከወደቀ በቃው። ሁለት ቱቦ የሰካው ግን ቧንቧው ላይ አታገኙትም። ሙቀት ስለማይችል ቱቦዎቹን ልኮ እሱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ እንደ አለቃ።»

ሎጋ በዚህ ትስቅ ነበር። ስትስቅ መኪና ስር መሆኗን ትረሳና ግንባሯን ትጋጫለች።

ከወር በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ መምህሩ አዲሱን ኖክስ ሴንሰር ከካርቶኑ አውጥቶ ለሁለቱ ሰጣቸውና ወደ መጋዘን ሄደ። ሎጋ ጫፉን ለማየት ወደ መስኮቱ ከፍ ስታደርገው ከእጇ አመለጠ። ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ትንሽ ነበር፤ እንደ ማንኪያ። ውስጡ ያለው ሴራሚክ ግን ተሰነጠቀ። መምህሩ ተመልሶ «ማን ነው?» ሲል ቺያቬ «ሳናስበው ነው» ልትል አፏን ከፈተች።

ሎጋ ቀደመቻት። «እሷ ይዛው ነበር፣ ቲቸር» አለች፤ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

«እኔ አልነካሁትም» አለች ቺያቬ። ግን ድንጋጤው ድምጿን ስላንቀጠቀጠው የጥፋተኛ ድምፅ ሆነ። ይህንን ራሷም ሰማችው።

ለሦስት ሳምንት ከወርክሾፕ ታገደች። ጓደኞቿ ሞተር ሲፈቱ እሷ መጋዘን ውስጥ ብሎን በየመጠኑ ስትለይ ከረመች። ያ ሁሉ አልነበረም ግን ያንገበገባት። አክስቷ ተጠርታ መጣች፤ ከሥራ ላይ ተነስታ፣ ቱታዋን እንኳ ሳትቀይር። መምህሩ በተማሪ ፊት «ልጅሽ በእጇ የገባውን አትጠብቅም» አላት። አክስቷ፣ ደንበኛ ሲያጉላላት ፍሬን ሳትይዝ የምትናገረው ሴትዮ፣ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀች። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ባልደረባዋ የለመነችውን ያገለገለ ኖክስ ሴንሰር በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ሰጠች።

ወደ ቤት ሲሄዱ «ሰበርሽው?» አለቻት።

«አልሰበርኩም፣ እትዬ።»

«እሺ» አለች አክስቷ። ቺያቬ ያንን «እሺ» ብታገላብጠው ብታገላብጠው፣ አምናት ይሁን ደክሟት ማወቅ አልቻለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂሟን እንደ ዕቃ ትወለውለው ጀመር። ሎጋ ሁለት ጊዜ ልታናግራት መጣች፤ ሁለት ጊዜ ፊት ነሳቻት። አክስቷ አንድ ቀን ዝምታዋን አይታ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ቀለደች። ቺያቬ አልሳቀችም። እሷ ሳል የለባትም፤ ስርቆቱን ጸጥ ብላ ነው የምትሠራው። የተግባር ፈተናው ሲታወጅ፣ አንደኛ የወጣው ተማሪ የክረምቱን ዕረፍት በትልቁ የአውቶቡስ ጋራዥ ልምምድ እንደሚወጣ ሲነገር፣ ቱቦዎቹ ወዲያው ትዝ አሏት። ሎጋ ቁጥሩ ሲበላሽባት «ሳገኘው እንዲህ ነው» ትላለች። ማንም አያምናትም። ቺያቬ የፈለገችው ልክ ይህንን ነበር፤ ሎጋ እውነቱን ተናግራ ሳትታመን እንድትቀር።

ውጭ የመምህሩ ድምፅ «እሺ፣ ቻው» ሲል ተሰማ።

የፊተኛውን ቱቦ በኋለኛው፣ የኋለኛውን በፊተኛው ቦታ ሰካች። ማያዣዎቹን በጣቷ ገፋች።

በሩ ላይ ሎጋ ቆማ ነበር። ቺያቬ ሳታያት አለፈች።

ተራ የሚጠብቁት ከወርክሾፑ ውጭ፣ ሽቦ ከተወጠረበት መስኮት ስር ባለው አግዳሚ ላይ ነው። ቺያቬ አልተቀመጠችም። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ በመስኮቱ ጥግ ወደ ውስጥ አጮልቃ አየች።

ሎጋ ፈጣን ነበረች። ከመኪናው ስር ባለው ጉድጓድ ገብታ የሙቀት ሴንሰሮቹን ሦስቱንም፣ ከዚያ ኖክሶቹን ቁጥር ለጠፈችባቸው። ረጅም እጇ እዚህ ይጠቅማታል። ወጥታ ግፊት መለኪያው ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ስትለጥፍ፣ መምህሩ ትክክል መለጠፏን ለማየት ተራውን ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሲወጣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ «ሁሉም ልክ ነው» አለ። «አሁን ሞተሩን ላስነሳና ግፊቱን አንብቢልኝ።»

ሞተሩ ተነሳ። ሎጋ የመመርመሪያውን ስክሪን ይዛ ቆመች። መምህሩ ነዳጅ ረገጠ። ሎጋ ስክሪኑን አየች፤ እንደገና አየች።

«ስንት ይላል?»

«ከዜሮ በታች ነው፣ ቲቸር።»

ቺያቬ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

መምህሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «ቅድም ደህና ነበር። ምንድን ነው ምክንያቱ?»

ሎጋ ስክሪኑን አስቀመጠችና ኮፈኑ ስር አጎነበሰች። በጣቷ አንዱን ቱቦ ከላይ ወደ ታች ተከተለችው፤ ልክ የቺያቬ አክስት እንዳስተማረቻቸው። ከዚያ ሁለተኛውን። ቀና ስትል ወደ መስኮቱ ዞረች። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

በይ አሁን ተናገሪ፣ አለች ቺያቬ በልቧ። ተናገሪና ሲያፌዝብሽ ልይ።

«ቱቦዎቹ ተቀያይረዋል» አለች ሎጋ።

«ማን ቀያየራቸው?»

ሎጋ ዓይኗን ከመስኮቱ አነሳች። «እኔ ነኝ። እርስዎ ጉድጓድ ውስጥ እያሉ ከየት እንደሚመጡ ላረጋግጥ ነቅያቸው ነበር። ስመልስ ተሳሳትኩ።»

መምህሩ ወረቀቱ ላይ ረጅም መስመር ሲያሰምር ይታያል። «ሰው መኪናውን አምኖ ይሰጥሻል» አለ። «አንቺ ደህናውን ታበላሺበታለሽ። የዚህን ክፍል ነጥብ አጥተሻል። መልሺያቸው።»

ሎጋ ቱቦዎቹን ወደየቦታቸው መለሰች። አንዱ ማያዣ ሁለት ጊዜ አመለጣት።

ቺያቬ ከመስኮቱ ዞር አለች። ደስታው የት እንደገባ አልገባትም። አንድ ወር ሙሉ ያበሰለችው ነገር ከአፏ ላይ ተነጠቀ። ያሰበችው ሎጋ ስትጮህ፣ ስታለቅስ፣ ስትከሳት ነበር፤ ይህ ግን በዕቅዷ ውስጥ የለም። ደሟ ከበፊቱ ይልቅ ፈላ።

እጅ መታጠቢያው ጋ አገኘቻት። ሎጋ ጥቁር እጇን በሳሙና ታሻለች፤ ቀና አላለችም።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ቺያቬ።

«በቃ፣ አሁን እኩል ነን» አለች ሎጋ። «አንድ አንቺ፣ አንድ እኔ።»

«እኩል? አክስቴ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ስትጠይቅ የት ነበርሽ?»

«ከበሩ ኋላ።»

«ሰምተሻል?»

«ሁሉንም።» ሎጋ ቧንቧውን ዘጋች። «አባቴ ይህንን ትምህርት የሚያስተወኝ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ከመጀመሪያውም ‹የሴት እጅ ምን ሊሠራ› ነው ያለው። አንቺ ዕቃ ብትሰብሪ እትዬ ይቆጡሻል፣ ከዚያ አብራችሁ ትስቃላችሁ። እኔ ብሰብር በማግስቱ ቤት ነኝ።»

«እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝስ?»

«ብነግርሽ ትወስጂልኝ ነበር?»

«እወስድልሽ ነበር» አለች ቺያቬ። እውነት መሆኑን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደዳት። «ሳትጠይቂኝ ሰጠሽኝ እንጂ።»

ውሃው ከሎጋ ክርን ላይ ይንጠባጠባል።

በዚህ መሀል መምህሩ ከወርክሾፑ ወጥቶ በአጠገባቸው አለፈ። «ቺያቬ፣ እስካሁን አንደኛ ነሽ» አላት እየሄደ። «የቀሩትም የሚደርሱብሽ አይመስለኝም። ከምሳ በኋላ ስምሽን ለአውቶቡስ ጋራዡ እልካለሁ።» ኮሪደሩን ተሻግሮ ቢሮው ገባ።

ቺያቬ አንድ ወር ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። ማድረግ ያለባት ምንም ነገር የለም፤ ዝም ማለት ብቻ። ሎጋም ዝም ትላለች፣ መምህሩም አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ ግን በተያዩ ቁጥር ሎጋ በልቧ «እኩል ነን» እያለች ትኖራለች። ሴንሰሩን የሰበረችው ቺያቬ፣ ቱቦውን የቀያየረችው ሎጋ ሆነው ሁለቱም ውሸት እንደ እውነት ይቀመጣሉ፤ የአክስቷ አንገትም እንደተደፋ ይቀራል።

«እኩል አይደለንም» አለች። «የኔን ጥፋት ወስደሽ አፌን ልትዘጊው ነው። አላስወስድሽም።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እነግረዋለሁ።»

ሎጋ ክንዷን ያዘቻት። እጇ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። «አታብጂ። ቦታውን ይነጥቅሻል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«የኔንስ ትነግሪዋለሽ? የሴንሰሩን?»

ቺያቬ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። መንገር ትችላለች። አሁን፣ ጥፋቷን ይዛ ከገባች፣ ምናልባት ትታመናለች። የሎጋ አባት ይጠራል፣ ሎጋም በማግስቱ ቤት ትውላለች። በቀሉ ገና ከእጇ አልወጣም፤ ከቱቦው የሚበልጥ በቀል ነው። ሎጋን አየቻት። ፊቷ ነጭ ጨርቅ መስሏል።

«ያንቺን አንቺ ታውቂበታለሽ» አለች። «ታርቄሽ ግን አይደለም። እንዳይመስልሽ።»

ኮሪደሩን ተሻገረች። ቢሮው ውስጥ መምህሩ በአንድ እጁ ዳቦውን፣ በሌላው የነጥብ ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል። በሩን አንኳኳች። አፉ ሙሉ ስለነበር በጭንቅላቱ ምልክት ሰጣት።

ገባችና ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። «ቲቸር፣ ስለ ቱቦዎቹ ነው» አለች።

በሩን ከኋላዋ አልዘጋችውም።