አንዲት ቀይ ሽቦ

ልብስ ሰፊዋ አንድ ያረጀ ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ኦርጋን፣ በአንሶላ ጠቅልላ ሬዲዮ መጠገኛው ሱቅ ስትገባ ጠጋኙ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እሷው ላይ ቀረ።

«የአባቴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። አይጥ ገብቶበት ሆዱን በልቶታል።»

«አይጡ ሙዚቃ ይወዳል ማለት ነው።»

አልሳቀችም። «እናቴ ታማለች። ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰጇት ብለውኛል። የሱን ኦርጋን አንዴ ሰምቼ ልሙት ነው የምትለው።»

ጠጋኙ ከፈተው። ሽቦው ሁሉ ተግጦ ተበጣጥሷል። መቼም እጁን እግዜር ባርኮለታል፤ የተበላውን እየነቀለ፣ አዲሱን እየለካ፣ ጫፍ ለጫፍ በእርሳስ እየበየደ ተያያዘው። እሷም ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች አጠገቡ ትቀመጣለች።

«እኔ በክር፣ አንተ በሽቦ። ያው ሰፊ ነህ» ትለዋለች።

«የኔ ስፌት ግን ያቃጥላል።»

ትስቃለች። እሷ ስትስቅ እሱ የያዘው ይጠፋዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኦርጋኑ ድምፅ ሰጠ። ጠጋኙ ግን ደስ አላለውም። ዛሬ ከወሰደችው ነገ ምን ብላ ትመጣለች? ፒንሳውን አነሳና አንዲቷን ቀይ ሽቦ ቆረጣት።

«ትንሽ ይቀረዋል» አላት ስትመጣ። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም።

«እናትሽስ እንዴት ናቸው?» ይላታል ደግሞ፣ አቀርቅሮ።

«እየጠበቀች ነው።»

ከዚያ ጠፋች። ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነበር።

«ቀበርናት። እንዳለ ስጠኝ።»

«ቆይ፣ አሁን ይደርሳል» ብሎ ቀይዋን ሽቦ ሊበይድ ሲያጎነብስ እጁን ያዘችው። ስትነካው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

የሽቦዋን ጫፍ አገላብጣ አየች።

«ይሄ የአይጥ ጥርስ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ስቆርጥ ነው የምውለው። ስለት የነካውን አውቃለሁ።»

ዓይኑ ወደ ፒንሳው ሄደ።

«ለምን?»

«እንዳትቀሪብኝ ብዬ።»

ትክ ብላ አየችው።

«ማታ ማታ ለእናቴ ስላንተ ነበር የማወራላት። ሄጄ ላጣድፈው ስላት፣ ‹ተይው ልጄ፣ ደህና ሰው ይመስላል፣ አታስጨንቂው› ትለኝ ነበር።» እጁን ለቀቀችው። «ባትቆርጣትም እመጣ ነበር እኮ።»

አንሶላዋን አጣጥፋ ያዘች።

«ኦርጋኑስ?» አላት።

«ላንተ ይሁን። የሚሰማው ሰው የለኝም።»

ያቺ ሽቦ እስከ ዛሬ እንደተቆረጠች ናት። እግዜር ይቅር ብሎት ይሆናል። እሷ ግን ይቅር አላለችውም።