የአባባ አጎዛ

ቢልቂስ የረጠበውን ጨርቅ ከጀርባዋ ደብቃ በሩ ላይ ቆማለች። አያቷ አባባ ይማም ለአሱር ሰላት ያነጠፉትን አጎዛ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። እጃቸው አንድ ቦታ ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ ቀስ ብለው የራሳቸውን ሽርጥ ዳሰሱ። ሽርጡ ደረቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን አላመኑትም። አጎዛውን ጠቅልለው ወደ ጥግ ገፉትና እንደገና ውዱእ ሊያደርጉ የውሃ ጀበናቸውን ይዘው ወጡ።

እርጥበቱ የማን እንደሆነ በዚያ ቤት የምታውቀው ቢልቂስ ብቻ ናት። የሉሉ ነው።

ሉሉ የአክስቷ የፈትሂያ ድመት ናት። ፈትሂያ ከዱባይ ስትመለስ ሉሉንና አንድ ጉድ የሚያሰኝ ማሽን ይዛ መጣች፤ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ የድመት ሽንት ቤት። ድመቷ ተጠቅማ ስትወጣ ክቡ ማሽን እያጉረመረመ ይዞራል፣ ቆሻሻውን ከአሸዋው ለይቶ ታች ካለው መሳቢያ ይጥላል። ፈትሂያ ኮምቦልቻ ሥራ አግኝታ በተከራየችበት ግቢ ድመት አይፈቀድም ስለተባለ፣ ሁለቱም ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የቢልቂስ አባት ቤት ቀሩ። አባቷ አብዱልባሲጥ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ኋላ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ኮሪደሩ ድረስ እየወሰደ ማሽኑን ማሳየት ያዘ። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቋል። ሰላት የሚሰገድበትን ቦታ አንድ ቀን ካበላሸች ሉሉ ኩታበር፣ የቢልቂስ አጎት ጎተራ ሥር ትጣላለች። የአጎቷን ውሾች ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሉሉ ደግሞ አይጥ ብታይ የምትሸሸው እሷ ናት።

ጥፋቱ የተጀመረው አሸዋው ሲያልቅ ነው። ከዱባይ የመጣው አሸዋ እርጥበት ሲነካው ይቋጠራል፤ ማሽኑም የሚለቅመው የተቋጠረውን ነው። ቢልቂስ ፒያሳ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ጠየቀች። አንዱ ባለሱቅ «ድመትሽ ዲያስፖራ ናት እንዴ?» ብሎ ሙድ ያዘባት። ተናድዳ ተመለሰችና ጎረቤት ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ ለምና፣ ነፍታ፣ ማሽኑን ሞላችው። አሸዋ አሸዋ ነው ብላ ነበር። የግንባታው አሸዋ ግን ሽንቱን አልያዘውም። ወደ ታች አሳለፈው፤ በማሽኑ መገጣጠሚያ እየሾለከ ኮሪደሩን ይዞ ይወርድና የአባባን ክፍል በሚለየው የችፑድ ግድግዳ ሥር ያልፋል። ከችፑዱ ማዶ ደግሞ አጎዛው አለ።

ይህን ያየችው በሻዕባን ወር፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ለአባቷ ልትነግር ተነሳችና ኩታበር ትዝ አላት። ማሽኑ ሥር ላስቲክ አነጠፈች፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ትወለውላለች። ክፍል ተቀምጣ ሒሳብ ስትማር ግን ሉሉ እሷን አትጠብቅም።

ሽታው የቤቱ ሰው ሁሉ አፍንጫ ገብቷል። አባባ ብቻ በከረመባቸው ጉንፋን ምክንያት ሽታ መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። እናቷ ከሪማ አጎዛውን ሳትጠየቅ አጥባ፣ አድርቃ፣ ምንም ሳትል ትመልሰዋለች። አባቷ ወደ ክፍሉ ሲገባ ትንፋሹን ይውጣል። ማሽኑን የጠረጠረ የለም፤ ራሱን ያጸዳል ተብሎ የለ! የእርጅና ነገር ነው፣ አባባን ሽንት እያመለጣቸው ነው ብለው ሁሉም በይሉኝታ ዝም አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን አባቱን ደፍሮ ይጠይቃል? ስለዚህ ቢልቂስ አንድም ውሸት መናገር አላስፈለጋትም። የሁሉም ይሉኝታ ዋሸላት።

አባባም የራሳቸው መስሏቸው ደበቁት። መጀመሪያ ሻይ ተዉ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ማሰገዱን ለአብዱልባሲጥ ለቀቁ። ረመዳን ሲገባ ጉልበቴን አሞኛል ብለው ከመስጊድ ቀሩ። ሽንቱን መቆጣጠር ላቃተው ሰው ሸሪዓው ዑዝር ሰጥቶ ስገድ እንደሚለው ለሌላው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን የመስጊዱን ምንጣፍ አበላሻለሁ ብለው አፈሩ። ቢልቂስ ይህን ሁሉ ታያለች። ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ ማታ ሉሉ እግሯ ላይ ስትተኛ ደግሞ ነገ ሌላ ነገ ይሆናል።

ከዒድ በኋላ ሀጂ በሺር ሞቱ። ከአባባ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ሰፍ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ የሰገዱ ወዳጃቸው ናቸው። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ ቢልቂስ ክንዳቸውን ይዛ መስጊዱ በር ድረስ አደረሰቻቸው። ጀናዛው ፊት ሰዉ ሲሰለፍ፣ ከመጀመሪያው ሰፍ ቦታ ለቀቁላቸው። አባባ ግን በእጃቸው «ቀጥሉ» አሉና ጫማ ከተከመረበት ግድግዳ ተጠግተው ቆሙ። ተክቢራው ሲሰማ እጃቸው እስከ ጆሯቸው ሊነሳ ጀመረና መንገድ ላይ ወደቀ። ቢልቂስ ከበሩ ውጭ ሆና አየቻቸው።

ቤት ሲገቡ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቢልቂስ መሬት ቁጭ አለች።

«አባባ፣ አጎዛው ላይ ያለው የእርስዎ አይደለም።»

ቀና ብለው አዩዋት።

«የሉሉ ነው። ማሽኑ ያፈሳል፤ የሞላሁበት አሸዋ አልያዘውም። ከሻዕባን ጀምሮ አውቄያለሁ፤ ኩታበር እንዳይወስዷት ብዬ ነው።»

ቢቆጧት በወደደች። አባባ ግን መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩ።

«እኔ እኮ ንጹሕ፣ ጦሃራ ነበርኩ» አሉ። «በሺርን ሰግጄበት መሸኘት እችል ነበራ።»

ቢልቂስ ፊቷን ጉልበታቸው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ይቅር በሉኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ለዚህ ነገር ትንሽ መሰላት። አባባ ሻሿን አስተካከሉላትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አብሽሪ የኔ ልጅ። ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪ። ያቺን ምስኪን ለውሻ ይሰጧታል። የኔ ነው ብለው ለምደውታል፤ ለሽማግሌ አያሳፍርም። አሸዋውን ብቻ ድፊው።»

ስንት ሳምንት ስትመኘው የኖረችው ነገር ይኸው ነበር፤ ሉሉም ትቀራለች፣ ማንም አይቆጣም። አያቷ ሊከፍሉላት ነው። አሁን በተሰጣት ሰዓት ግን ከጀናዛው የባሰ አመማት።

ሳሎን ውስጥ አባቷና እናቷ ሰው ሳይሰማቸው ለመነጋገር ድምፃቸውን ቀንሰው ስለ አባባ ያወራሉ። ለአልጋቸው ላስቲክ ይገዛ፣ እንግዳ ሲመጣም በሩ ይዘጋ ይባባላሉ። በችፑዱ በኩል እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች። ቢልቂስ አባባን አየች። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ያልሰሙ መስለው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ።

ተነስታ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ወዴት ነሽ ቢልቂስ?» አሉ አባባ። እጃቸውን ሳመችና በሩን ለሁለቱም ወገን እንዲሰማ ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ ሳሎን ገባች።

«አባዬ፣ ላስቲክ አትግዙ» አለች።