ግማሽ ዙር ላይ

ስሚኝማ እህቴ፣ ሞተር በእጅሽ አዙረሽ ታውቂያለሽ? ሮሃ ታውቃለች። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሁን ግን ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ አሮጌዋ መኪናቸው ፊት ተንበርክካ መፍቻውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ግፍት አደረገችው። ግማሽ ዙር ዞረና ቀጥ!

ስልኩ የመኪናዋ ባትሪ ላይ ተቀምጧል፣ ስፒከሩ ተከፍቷል። የሚያወራት አባቷ ወንድሜነህ ነው። በሥራ ተዛውሮ ሰመራ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ሁለት ሙሉ ዙር ነው ሮሂ። በእጅ ሳይዞር እንዳታስነሺው! ካቴናው፣ ያ ሰንሰለት፣ ቦታውን ከሳተ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። ዞረልሽ?»

«ቆይ አባዬ፣ እጄ ዘይት ሆኖ እያንሸራተተኝ ነው።»

ዘይቱስ እውነት ነው፤ መፍቻው የቆመበትን ምክንያት ግን ታውቀዋለች። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት እንደ ቆርቆሮ መንኳኳት ሲጀምር፣ አባቷ ድምፁን በስልክ ሰምቶ «ካቴናው ላልቷል» አለ። አዲስ ገዝቶ በአውቶብስ ላከላት። «አሮጌውን ከመፍታትሽ በፊት ካቴናው የሚያርፍባቸውን ጥርሶች ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጊበት» አላት። እሷ ደግሞ ለመፍታት ቸኩላ ምልክቱን ረሳችው! ሲጠይቃት «አድርጌያለሁ፣ ቀይ በቀይ ነው» አለችና አዲሱን በግምት ገጠመችው።

ለምን ዋሸች? እንዳትስቂባት። ድሮ ሲደውል «እናትሽ ደህና ናት? ትምህርትስ?» ብሎ በሁለት ደቂቃ ይዘጋ ነበር። ካቴናው ከላላ ወዲህ ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ! ብሎን በብሎን እያስረዳ ይስቃል፣ «የኔ መካኒክ» ይላታል። እውነቱን ብትነግረው «ተይው፣ ሰው እልካለሁ» ይላል፣ በቃ፣ ሰዓቷም ያበቃል።

ግቢው ጭር ብሏል። እናቷ አያልነሽ ሥራ ገብታለች። ከውጭ የአሸንዳ ከበሮ ይሰማል፤ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ተሸላልመው ወደ ሮማናት አደባባይ እየወረዱ ነው። ጓደኛዋ ኣሪያም ሦስቴ «ነይ» ብላታለች፣ ሦስቴም «አባዬ ይደውላል» ብላ ቀርታለች።

መፍቻውን እንደገና ገፋችው። እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ብረት ብረትን ሲነካ በክንዷ ተሰማት።

«ሮሂ? ዞረ?»

«ዞሯል» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጠቻት።

«አባዬ… አልዞረም። ምልክቱንም አላደረግኩም። ዋሽቼህ ነው።»

 ከወዲያ ቬንትሌተሩን ሲያጠፋው ተሰማት።

«መፍቻውን አውጪው» አለ። «የመኪናዋን ቁልፍ ለእናትሽ ስጫት። ሰው እፈልጋለሁ።»

ዘጋው። «የኔ መካኒክ» አላላትም።

ቁልፉን እናቷ አልጋ ላይ አስቀመጠችው። እጇን በኦሞ ፈትጋ ፈትጋ ታጠበች፤ የጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀም። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለኣሪያም የሆነውን ሁሉ ጻፈችላት። መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ አይደውልልኝም» ብላ ላከችው።

ከበሮው ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። መልሱ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። አንድ ቃል፣ «እህቴ» የምትልበትን ትግርኛዋን እንኳ ሳልቀይር ይኸውልሽ፦

«ሓፍተይ፣ ታዲያ አንቺ ደውዪለታ።»