ዘለበቱ በመዳፍ

የመጀመሪያው የቀበቶ ምት ሲያርፍበት ለመለማመጃ ከተሰቀለው ጆንያ ውስጥ የበግ ጠጉርና አቧራ ቦነነ። ታምሲን ደገመችው። በሦስተኛው ዘለበቱ አምልጧት ጆንያውን ተረተረው፤ በበግ መሸለቻው መጋዘን የተሰበሰቡት የአሥረኛ ክፍል ልጆች በፉጨት አቀለጡት።

«ዘለበቱ በመዳፍ!» አላት የሰልፉ አለቃ ዱጋልድ። «ነገ እንዲህ ብትዘናጊ ከሰልፉ አስወጣሻለሁ።»

ሕጉን ማን ይረሳል። በስንዴ እርሻዎች መሃል ባለችው፣ አርባ ተማሪ ብቻ ባላት የያራሚን የግል ትምህርት ቤት፣ በየዓመቱ በምሥረታው ቀን ትልልቆቹ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። አዲስ ገቢዎቹ በመሃል ይሮጣሉ፤ ቀበቶ ይወርድባቸዋል። ዘለበቱ ግን ከመዳፍ አይወጣም፤ ክብራችን ነው ይላሉ። ታምሲን ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ ክብር ጀርባዋ ተልጦ ሳምንት ሙሉ በሆዷ ተኝታለች። ዘንድሮ መቺ ናት። ከሚሮጡት አንዷ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት እህቷ ሄቲ።

ነገ ከሩጫው በፊት የትምህርት ቤቱን የስድሳ አምስት ዓመት ታሪክ የምታነበውም ታምሲን ናት። ለዚያ ብላ ነበር የድሮውን የቅጣት መዝገብ የገለጠችው። አንዱን መስመር ገልብጣ ኪሷ ከታዋለች፦

«ኬልቪን ሞርተን። ስድስት አለንጋ። በሩጫው ላይ በዘለበት መትቶ የሮስ ዳኒንግን ቀኝ ዓይን አጥፍቷል።»

ኬልቪን አያቷ ናቸው። ሮስ የአያቷ የልብ ወዳጅ ናቸው። የሮስን ዓይን ያጠፋው ፈረስ ነው ብሎ አገር ያምናል፤ በታተመው ታሪክም የተጻፈው ይኸው ነው።

ትናንት አያቷን አጥር ሲጠግኑ አግኝታ ጠየቀቻቸው። ሽቦውን እስኪበጠስ ጠመዘዙት። ከዚያ ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ ሁሉም ፈረስ ነው ማለቱን፣ መጀመሪያ ያሉትም ሮስ ራሳቸው መሆናቸውን ነገሯት።

«ታዲያ በየዓመቱ ሩጫውን የሚያስጀምረውን ፊሽካ ለምን እርስዎ ይነፋሉ?»

«ካልነፋሁ ለምን ብለው ይጠይቁኛላ» አሉ። አንብቢም፣ አታንብቢም አላሏትም።

አሁን ልጆቹ ሲበተኑ ዱጋልድ ወደ ኋላ ቀረ። ወረቀቱ ከኪሷ ወድቆ አንስቶታል።

«ይሄን ካነበብሽ ሩጫው ይቀራል» አላት። «እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ተራዬን ጠብቄያለሁ። እኔ ስገረፍ ማን አዘነልኝ?»

ልትነጥቀው እጇን ስትዘረጋ ከንፈሯን በቡጢ አላት። ወደቀች። ስትነሣ ደገማት። አፏ ደም ሞልቶ ቀበቶዋን ወነጨፈች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ሰው ለመጉዳት ፈልጋ አታውቅም። ዘለበቱ ላብ ካራሰው መዳፏ ሾልኮ ወጣ። ዱጋልድ ፊቱን ይዞ ተንበረከከ።

ጣቶቹን በግድ አላቀቀቻቸው። ዓይኑ አለ። ከዓይኑ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ግን ጉንጩ ተሰንጥቆ ደሙ ይወርዳል።

«በር መታኝ እላለሁ» አለ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። «አንቺም ወድቄ ነው በይ።»

በማግስቱ ታምሲን ከንፈሯ አብጦ፣ የታተመውን ታሪክና የቅጣት መዝገቡን ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። አያቷ ፊሽካውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከሮስ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዱጋልድ ጉንጩን በፕላስተር አሽጎ ከሰልፉ ራስ ቆሟል። ሄቲ የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ፣ ከሁሉም ቀድማ ለመሮጥ ትቁነጠነጣለች።

ስታነብ ቆይታ የሮስን ዓይን ያጠፋው ፈረስ ጋ ስትደርስ የታተመውን ታሪክ አጠፈችው። የመዝገቡን መስመር ከአያቷ ስም ጀምራ እስከ መጨረሻው አነበበች። አያቷን ማየት ፈርታ ነበር፤ ግን አየቻቸው።

«አንድ ይቀራል» አለች። ጠዋት በራሷ እጅ መዝገቡ ላይ የጻፈችው ነው። «ታምሲን ሞርተን። በዘለበት መትታ የዱጋልድ ፍሬዘርን ጉንጭ ሰንጥቃለች።»

አያቷ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ለሮስ ሰጧቸው። ሮስም ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።