የተቀባው ሮተር

መርማሪ ፅዮን ኢቶቢኮ ሰፈር ወደሚገኘው የመካኒኩ የኪሩ ጋራዥ ስትጠራቸው፣ አቶ ወልደገብርኤል እያመነቱ ሄዱ። የእህታቸው ልጅ ዮናታን ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን ሮተር፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ተሰብሮ ከሞተ ገና ሳምንቱ ነው። በስደት አብሯቸው ያለው ሀበሻ ሁሉ «ገዳዩ መካኒኩ ነው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። እሳቸውም ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ አቀርቅረው ዝም አሉ። በዚያ ዝምታቸው ሌት ተቀን ያፍሩ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ኪሩና የሟች እህት እሌኒ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ለሁለት የተከፈለው ሮተር ተቀምጧል፤ ዙሪያውን በጌጠኛ ቀዳዳ የተበሳሳ።

«ስትገጥመው ስንጥቅ አላየህበትም?» አለች ፅዮን።

ኪሩ ወለል ወለሉን አየ።

«ተናገር እንጂ!» ጮኸች እሌኒ። «ወንድሜን ገድለህ ዝም ትላለህ?»

«ሮተሩን ማን መረጠው?» ፅዮን ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል። «ዮናታን ሲመረቅ የሰጠሁት ስጦታ ነው። በቸርኬው ውስጥ ሲታይ ያምራል። አዲስ ነበር።» ውሸቱ ከአፋቸው ሲወጣ ፊታቸው ጋለ።

ፅዮን አጉሊ መነጽሯን አወጣች። «ለመንገድ መኪና ቀዳዳ የሌለው ደህና ሮተር ይበቃ ነበር። ይሄኛው ውድድር ላይ ግሎ ግሎ በቀዳዳዎቹ መሃል ተሰንጥቋል። ስብራቱን እዩት፤ የሚያብለጨልጨው አሁን የተሰበረው ነው። ይሄ ጎኑ ግን ዝጓል፤ ዝገቱ ላይ ደግሞ ብርማ ቀለም አለ። ሲቀባ ስንጥቁ ነበር ማለት ነው። ኪሩ ቀባው እንዳልል፣ እሌኒ ስጦታው ሲከፈት ባነሳችው ፎቶ ላይ ያው ቀለም ይታያል።»

አቶ ወልደገብርኤል ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። «ከውድድር መኪና የወረደ ነው። አሮጌ ዕቃ ሰጠ እንዳልባል ቀባሁት። ስንጥቁ ጭረት መስሎኝ ነበር።»

«አምናለሁ፣ ጋሼ። ግን የዮናታን ነባር ሮተሮች፣ ምንም ያልሆኑት፣ ከመኪናው ኋላ፣ ትራንኩ ውስጥ ተጠቅልለው ተገኙ። ሊመልሳቸው ባያስብ ለምን ይዟቸው ይዞራል? ዮናታን ስንጥቁን ያውቅ ነበር። አይደለም፣ ኪሩ?»

ኪሩ እንባው መጣ። «ስንጥቁን አሳየሁት፤ አልገጥምም አልኩት። ‹አጎቴ እንዳያፍሩ ነው፤ ቤታቸው ክሬሰንት ታውን ሄጄ አሳይቻቸው ነባሮቹን ዛሬውኑ ትመልስልኛለህ› አለኝ። እሺ ማለት አልነበረብኝም።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስትሰደብ ለምን ዝም አልክ?» አለች እሌኒ።

«እሱ የደበቀላቸውን እኔ እንዴት ላውጣው?»

አቶ ወልደገብርኤል መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ቀና ብለው ኪሩን ማየት አልቻሉም።

«እናትሽ ጋ ኮል አድርጊልኝ» አሉ ስልካቸውን ለእሌኒ እየሰጡ። «እኔ ራሴ ልንገራት።»

ደውላ ስትመልስላቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ድምፃቸውን ሳትሰማ እህታቸው ቀደመቻቸው።

«ወንድምዬ፣ ዛሬስ እህል ቀመስክ?»