ለክፍሌ የመረጥኳት ሽጉጥ

ሻጩ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። «ይምረጡልኝ» ብሎ ለምኖ ከምኖርበት ከዌስተን ሰፈር ድረስ ያመጣኝ ክፍሌ ነው፤ ሰውዬው ግን እኔን እንደ ካፖርት መስቀያ ቆጥሮ ከእሱ ጋር ብቻ ያወራል። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይን አለኝ።

ክፍሌ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የዒላማ ተኳሾች ክበብ ይሄዳል። እዚያ የሚተኩሱት በጥንቱ ሽጉጥ ነው፤ ባሩዱም የእርሳስ ጥይቱም በአፈሙዙ በኩል በሚገባው። ያን ሰሞን እንጋባ ብሎኝ መልስ ነስቼው ነበር።

ሁለት ሽጉጥ ቀረቡ። የአንዱ እጀታ ወፍራም ነው፤ የሌላዋ ቀጠን፣ ጎበጥ ያለ። ቀጭኗን አነሳሁ።

«ይቺን።»

ሻጩ ለክፍሌ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለው።

«ምን ይላል?»

«ለእጅህ ወፍራሙ ይሻላል ነው የሚለው።»

«ማንን ይዘህ ነው የመጣኸው?»

«እርስዎን።»

«እንግዲያው ክፈል።»

ስቆ ከፈለ።

የሽጉጧ ፈቃድ ሲደርስለት ክበቡ ወሰደኝ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ባሩዱን ሰፍሮ ጨመረ፤ እርሳሱን ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልሎ በዘንግ ጠቀጠቀው። ተኮሰ። የዒላማውን ወረቀት አልነካውም።

ጭሱ ነጭ ሆኖ ቆመ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ በጭሱ ውስጥ የመጀመሪያ ባሌን፣ ሙሉነህን አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ክንዱን ዘርግቶ፤ ጓሮ ቅል ሰቅሎ በአባቱ ሽጉጥ ሲያነጣጥር እንደነበረው። ወታደሮች ከቤት ወስደውት ሬሳው እንኳ አልመጣልኝም። ነፋስ ጭሱን ሲጠርገው የቀረው ክፍሌ ብቻ ነው።

ደግሞ ተኮሰ። ደግሞ ሳተ። ሙሉነህም ደግሞ መጣ።

ክፍሌ ሽጉጧን አስቀምጦ መዳፉን አየ። መሪ ሲጨብጥ የኖረ ድልብ መዳፍ ነው፤ ቀጭኗ እጀታ ውስጡ ትጠፋለች፤ ጣቶቹ ተደራርበው ምላጩን ወደ ጎን ይስቡታል።

«ይቺ ለማን እጅ ነው የተመረጠችው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ልዋሸው እችል ነበር። መዋሸት ግን ለፈሪ ነው።

«ለሙሉነህ።»

አንገቱን ደፋ። ሽጉጧንም እኔንም ትቶ ሊሄድ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ግድ የለም፣» አለ። «እለምዳታለሁ። እጄን እንደሱ እጅ አደርገዋለሁ። አንቺ ብቻ እሺ በይኝ።»

አንቺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

«አታደርገውም። የሱ እጅ የሱ ነው። ቤቴ ውስጥ ሁለት ሙሉነህ አልፈልግም፤ አንዱ ይበቃኛል፣ እሱም መውጣት አይወድም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይቺን ዘይት ቀብተህ አስቀምጣት፤ ሁለተኛ እንዳትተኩስባት። ሰኞ እዚያ ዓይነ ደረቅ ሻጭ ዘንድ ትወስደኛለህ፤ ለአንተ እጅ የምትሆን ሌላ እመርጥልሃለሁ። አሁን ደግሞ እጅህን ጭኔ ላይ አስቀምጥና ዝም በል። አላውቀውም፤ ልወቀው።»