የአርባኛው ሙከራ ነጥብ

ማክሰኞ ጠዋት ናርዶስ የባሏን ነጭ ጋዋን በበረኪና አጥባ ከመስኮቱ ውጭ ገመድ ላይ አሰጣችው፤ የበረኪናውን ጠርሙስ ከሥሩ ተወችው። ምስጋናው እንደ ልማዱ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተ፤ ከዚያ ሥሩ ባለው ጠረጴዛ ላይ የአሲድ ብልቃጦቹን ደረደረ። የእንጅባራ ጉም ወደ ክፍሉ ገባ።

«የኬሚስትሪ ውድድራችን ዳኛ በቪዲዮ ያሳየውን ሙከራ ደግሜ እየቀረጽኩ ልሠራው ነው» አላት። «ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ አልሆነም። በቪዲዮው አታሏል።»

«ተው፣ አቶ ምህረቴ ይቀየሙሃል» አለችውና ገበያ ወጣች።

ስትመለስ መስኮቱም በሩም ተዘግተዋል። በሩን ስትገፋው ሽታው ዓይኗን አቃጠላት። ምስጋናው ደፉ ላይ ሞቶ ወድቋል፤ ጥፍሮቹ ደምተዋል። የበረኪናዋ ጠርሙስ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

ረቡዕ ኢንስፔክተር ዋጋዬ አስጠራቻት።

«በረኪናው ያንቺ ነው። እስከ ነገ ሌላ ሰው ካላገኘሁ አለቃዬ አንቺን ያስርሻል።»

«እኔ እስር አይደለም የምፈራው» አለች ናርዶስ። «የገደለው ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ይሆናል።»

በውድድሩ የምስጋናው ተፎካካሪ የነበረው የዳንግላው መምህር እንግዳው ለኢንስፔክተሯ ቃሉን ሲሰጥ ዓይኑ ቀልቷል። «ቤቱ በረዶ ነው! መስኮቱን ዝጋው ስለው፣ ‹ብርድ አይገድልህም፣ አንተ የቆላ ዶሮ› ይለኝ ነበር።»

የእነዚህን አማተር ኬሚስቶች ቪዲዮ የሚዳኙት አቶ ምህረቴ ግን ለምስጋናው አርባ ሙከራዎች የሰጡበትን አርባ የነጥብ ወረቀት አቀረቡ። «ችሎታ አልነበረውም። ነጥቡን ይዩት፤ አንድም ሙከራ ሳልዳኝ አላልፍም።»

ዋጋዬ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበች፦ «ሰባተኛው ጠብታ ላይ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ነጥብ ተቀንሷል።»

ሐሙስ ሦስቱን በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ናርዶስ በሩን ይዛ ቆመች።

«ሠላሳ ዘጠኙን ቪዲዮ ከኮምፒውተሩ አየሁ» አለች ዋጋዬ። «መስኮት ሳይከፍት የጀመረበት የለም። እጁም አንዴ አልተንቀጠቀጠም። ይህ በር ደግሞ ቁልፍ የለውም፤ ምስጋናው በጥፍሩ የቧጠጠው፣ ከውጭ ሰው ስለያዘበት ነው።»

«እኔ ዳንግላ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነበር!» አለ እንግዳው።

«አውቃለሁ፣ ተቀመጥ። አቶ ምህረቴ፣ አርባኛውን የት አዩት?»

«የውድድሩ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነዋ። ማክሰኞ ማታ።»

«ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከተማው ውስጥ ኔትወርክ ስላልነበረ ቪዲዮው ገጹ ላይ ሊወጣ አይችልም። ቪዲዮው ያለበት የካሜራው ሚሞሪ ካርድም ተወስዷል።»

ናርዶስ ከሰውየው አንድ እርምጃ ራቀች።

«ማታለልዎን ሊያጋልጥ ነበር፤ ይህንንም ያውቁ ነበር» አለች ዋጋዬ። «ከጋዋኑ ሥር የነበረውን በረኪና አንስተው በመስኮቱ በኩል አሲዱ ላይ ደፉት፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። መስኮቱን ከውጭ ሸጉረው በሩን ያዙ። የምስጋናው ሳል ሲቆም ገብተው ሚሞሪውን ወሰዱ። እጁ የተንቀጠቀጠው እርስዎን መስኮቱ ላይ ሲያይ ነው። ቤትዎ ገብተው ደግሞ ነጥብ ሰጡት።»

አቶ ምህረቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ነጥቡ ግን ትክክል ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ተንቀጥቅጧል።»

ዓርብ ጠዋት ናርዶስ ጋዋኑን ከገመዱ አውርዳ አጠፈችው። ብልቃጦቹ በየቦታቸው ናቸው። ጉሙ መስታወቱ ላይ ቆሟል። መስኮቱን የሚከፍተው ሰው የለም።